ከሉሊና ከራሞ ሌላ የፈረንሳይ ኦፔራ ደራሲ አልነበረም ወይ?

ጥያቄ፦ «የባሮክ ሙዚቃ እወዳለሁ። ባኽን፣ ሄንድልን፣ ቪቫልዲን ስሰማ ዓመታት ሆኖኛል። ወደ ፈረንሳይ ኦፔራ ስመጣ ግን ሁሌ የማገኘው ሁለት ስም ብቻ ነው፤ ሉሊ እና ራሞ። ሉሊ በ1687 ሞተ። ራሞ የመጀመሪያ ኦፔራውን ያሳየው በ1733 ነው። በመካከል 46 ዓመት አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማንም አልጻፈም? ከጻፉስ ለምን አናውቃቸውም? ማዳመጥ ብፈልግ ከየት ልጀምር?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂ፣

ጽፈዋል፤ ያውም በብዛት። በነዚያ 46 ዓመታት የፓሪሱ ኦፔራ መድረክ ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም። ከጻፉት መካከል ሉሊን የሚያስንቁ አሉ ብል አላፍርም። ስማቸው የጠፋው ሙዚቃቸው ደካማ ስለሆነ አይደለም። መጀመሪያ በሕይወት ካለው ሉሊ ጋር፣ ቀጥሎ ደግሞ ከሞተው ሉሊ ጋር መፎካከር ነበረባቸው። የሞተው ካለው የባሰ ነበር።

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በፈረንሳይኛ ኦፔራ የማሳየት ፈቃድ መጀመሪያ የነበረው በሉሊ እጅ አልነበረም። በ1669 ሉዊ 14ኛ ፈቃዱን የሰጠው ፒዬር ፔራን ለሚባል ገጣሚ ነው። ፔራን ግጥሙን ጻፈ፣ ሮቤር ካምቤር ሙዚቃውን ደረሰ፣ «ፖሞን» የተባለው ኦፔራ በ1671 ታየ። ሕዝቡ ጎረፈ። ገንዘቡ ግን ፔራን ኪስ አልደረሰም። ሸሪኮቹ በሉት፣ እሱ በዕዳ ወህኒ ወረደ። ሉሊ ብቅ ያለው ይሄኔ ነው። በ1672 ፈቃዱን ከእስረኛው ላይ ገዛው። ካምቤር ሥራ ፈትቶ ቀረ። ወደ ለንደን ተሻገረና በ1677 እዚያው ሞተ። ከ«ፖሞን» ዛሬ በእጃችን ያለው መቅድሙ፣ የመጀመሪያው ገቢር እና የሁለተኛው ገቢር ቁራጭ ብቻ ነው።

ፈቃዱ ቀልድ አልነበረም። ከዳር እስከ ዳር የሚዘፈን ቲያትር ያለ ሉሊ ይሁንታ ማንም ማሳየት አይችልም። ይህ አልበቃ ብሎ በ1673 ሌላ ትእዛዝ ወጣ። ሌሎቹ ቲያትር ቤቶች ከሁለት ዘፋኝና ከስድስት ባለ ክር መሣሪያ ተጫዋች በላይ እንዳያሰልፉ ተከለከሉ። በስድስት ቫዮሊን ምን ዓይነት ኦፔራ ይሠራል? ሉሊ በበኩሉ ከ1673 እስከ 1686 ድረስ 13 ትልልቅ ትራጄዲዎችን አወጣ። አብዛኞቹን ግጥሞች የጻፈለት ፊሊፕ ኪኖ ነው። የቀረው የፓሪስ ደራሲ ወይ ለቤተ ክርስቲያን ይጽፋል፣ ወይ ለሀብታም ቤት፣ ወይ አርፎ ይቀመጣል።

አርፈው ካልተቀመጡት አንዱ ማርክ-አንትዋን ሻርፓንቲዬ ነው። እርስዎ ይህን ሰው ሳያውቁት ያውቁታል። የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ሲጀመር የሚሰማው ያ የመለከትና የከበሮ ዜማ የሱ ነው፤ «ቴ ዴዩም» ከሚባል የምስጋና መዝሙሩ መግቢያ የተወሰደ። አውሮፓ ወይም እስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎቻችን በየዓመቱ ይሰሙታል። የማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን በጣት ይቆጠራል።

ሻርፓንቲዬ በወጣትነቱ ሮም ሄዶ ካሪሲሚ ከተባለው ስመ ጥር ደራሲ ተምሯል። ሲመለስ አንዲት የጊዝ ቤተሰብ ልዕልት ቤቷ ውስጥ አስቀመጠችው። ለቤቷ ሙዚቀኞች ትንንሽ ኦፔራዎችን ጻፈላት፤ ራሱም አብሯቸው ይዘፍን ነበር። በሰው ሳሎን ውስጥ የሚታይ ነገር የሉሊን መብት አይነካም። ሉሊ ከሞተ በኋላ በ1688 ደግሞ ለኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት «ዳዊትና ዮናታን»ን ጻፈ። ታሪኩን ለኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ሳኦል ከቅናቱና ከፍርሃቱ ጋር ሲታገል የሚዘፍነውን ብቻ ይስሙ።

ትልቁ ሥራው ግን «ሜዴ» ነው። በ1693 ታየ፤ ደራሲው ያኔ 50 ዓመቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሜዴ ጠንቋይ ናት። ዣዞን ለሚባል ሰው ብላ አባቷን ከድታለች፣ ደም አፍስሳለች፣ አገሯን ጥላ ተሰድዳለች። አሁን እሱ የንጉሥ ልጅ ሊያገባ ነው። በሦስተኛው ገቢር ብቻዋን መድረክ ላይ ትቀራለች። አንድ ሌላ ደራሲ ቢሆን እዚህ ቦታ ላይ ኦርኬስትራውን ያስጮኸው ነበር። ሻርፓንቲዬ ተቃራኒውን ያደርጋል። ቫዮሊኖቹ ላይ ማፈኛ ያስደርጋል። ድምፃቸው ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስላል። እሷ ደግሞ ዝግ ብላ ትጠይቃለች፦ የፍቅሬ ዋጋ ይሄ ነው? የሠራሁት ኃጢአት ሁሉ ያፈራው ይሄ ነው? ቁጣ የለም፤ ሐዘን ብቻ ነው ያለው። ቁጣው የሚመጣው ቀጥሎ ነው። አጋንንቱን ትጠራለች። ለሙሽሪት በስጦታ የሚሄደውን ቀሚስ በመርዝ ታስነክረዋለች። ከዚያ የኀዘን ዝምታ ወደዚህ ጥድፊያ የሚደረገው ሽግግር በኔ ግምት በመላው ዘመኑ ከተጻፈው የኦፔራ ሙዚቃ ምርጡ ነው።

«ሜዴ» ጥቂት ጊዜ ታየና ወረደ። የድምፆቹ ስምምነት ተወሳሰበብን፣ ጣልያንኛ ጣልያንኛ ሸተተን የሚሉ በዙ። የሉሊ ወዳጆች ዕድሉን አላሳለፉትም። ሻርፓንቲዬ ለዚያ መድረክ ሁለተኛ አልጻፈም። በ1704 ሞተ። በእጁ የጻፋቸው ኖታዎች እንዳይጠፉ ያደረገው የወንድሙ ወይም የእኅቱ ልጅ ነው። በ1727 ክምሩን ለንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ሸጠው። ዛሬ 28 ትልልቅ ጥራዝ ሆኖ ፓሪስ ውስጥ ተቀምጧል። ከዘመኑ ሰዎች ይህን ያህል የራሱ የእጅ ጽሑፍ የተረፈለት እምብዛም የለም። ዛሬ በብዙ ሥራ የምናገኘውም ለዚህ ነው።

በ«ሜዴ» ዙሪያ ባሉት ሁለት ዓመታት ሌላም ነገር ሆነ፤ ሴቶች ወደ መድረኩ ገቡ። በዘፋኝነት ማለቴ አይደለም፣ ዘፋኞችማ ነበሩ። በ1693 የታየውን «ዲዶን» ግጥሙን የጻፈችው ሉዊዝ-ዠንቪዬቭ ደ ሴንቶንዥ ናት። በማርች 1694 ደግሞ ኤሊዛቤት ዣኬ ደ ላ ጌር የደረሰችው «ሴፋልና ፕሮክሪስ» ታየ። በፓሪሱ ንጉሣዊ የሙዚቃ አካዳሚ፣ ማለትም በኦፔራው ቤት፣ ሴት የደረሰችው ኦፔራ ሲቀርብ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ኤሊዛቤት የኦርጋን ተጫዋቾችና ሠሪዎች ቤተሰብ ልጅ ናት። ገና ሕፃን ሳለች ሉዊ 14ኛ ፊት ሃርፕሲኮርድ (የፒያኖ ቀዳሚ የሆነ ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ተጫውታ ንጉሡን አስደንቃለች። በ1677 አንድ የፓሪስ ጋዜጣ «የዘመናችን ተአምር» ብሎ ጻፈላት፤ ዕድሜዋ 12 ነበር። የኦፔራዋ ሙዚቃ ይህን ሁሉ ሙገሳ የሚያስክድ አይደለም። ችግሩ ግጥሙ ላይ ነው። ፍሬ የለውም፤ ታሪኩ አንድ ቦታ ላይ ይዞርና ይዞርና ይደክማል። መጨረሻው ግን ያንቀጠቅጣል። ፕሮክሪስ በገዛ ወዳጇ ፍላጻ ተመትታ ትሞታለች። ኦፔራው ጥቂት ጊዜ ታይቶ ቀረ። እሷም ሁለተኛ ኦፔራ አልጻፈችም። ወደ ሌላ ነገር ዞረች። በ1708 እና በ1711 ለአንድ ድምፅና ለጥቂት መሣሪያ የሚሆኑ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ካንታታዎችን አሳተመች። «አስቴር»፣ «ዮዲት»፣ «ሶስና»፣ የቀይ ባሕር መሻገር... እያንዳንዳቸው ሩብ ሰዓት ያህል ናቸው። የኦፔራ ችሎታዋን ማየት የፈለገ በ«ዮዲት» ቢጀምር አይጸጸትም። የሆሎፎርኒስን እንቅልፍ በሙዚቃ ስትጽፈው ያዳምጡ።

አሁን ወደ ሞተው ሉሊ ልመለስ። በ1687 መጀመሪያ ላይ ሙዚቃ ሲመራ መሬቱን በሚመታበት ዘንግ እግሩን መታ። ቁስሉ መረቀዘና ሞተ። ብቸኛ መብቱ ለቤተሰቡ ተላለፈ፤ አማቹ የአካዳሚው አስተዳዳሪ ሆነ። እንግዲህ ያስቡት። የቲያትር ቤቱ አለቃ የሟቹ ልጅ ባል ነው። መጋዘኑ በሟቹ ኦፔራዎች ልብስና ጌጥ ተሞልቷል። ዘፋኞቹ ሚናውን በቃል ይዘውታል። ሕዝቡም ዜማውን እየተከተለ ያንጎራጉራል። አዲስ ኦፔራ ማሳየት ግን ብዙ ያስወጣል፤ ማሽኑ፣ ዳንሰኛው፣ ልምምዱ። አዲሱ ሥራ አልሄድ ካለ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ አንድ የሉሊ ኦፔራ ከመጋዘን ይውጣ።

ይህ ምን ያህል እንደ ቆየ በአንድ ሥራ ላሳይዎት። ሉሊ «ፔርሴ»ን ያሳየው በ1682 ነው። ይኸው ኦፔራ በ1770፣ ሌሎች ደራሲዎች ጠጋግነውት፣ የቬርሳይ ኦፔራ ቤት ሲመረቅና ማሪ አንትዋኔት ስትዳር ቀረበ። 88 ዓመት! በነገራችን ላይ የ«ፔርሴ» ታሪክ የሚካሄደው ኢትዮጵያ ነው። ንጉሡ ሴፌ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፣ አንድሮሜድ ልጁ ናት። የግሪኮች ተረት ውስጥ ያለችው ኢትዮጵያ ናት እንጂ ከጎንደሩ ዘመን ቤተ መንግሥት ጋር የሚያገናኛት ነገር የለም። ቢሆንም እስከ 1770 ድረስ ቬርሳይ ላይ የኢትዮጵያ ንጉሥ ሲዘፍን ነበር ማለት ነው።

በዚህ ላይ ንጉሡ ተለወጠ። ሉዊ 14ኛ በወጣትነቱ ራሱ መድረክ ላይ ይደንስ የነበረ ሰው ነው። ከ1680ዎቹ ወዲህ ግን በድብቅ ካገባት ከማዳም ደ ማንትኖን ጋር ወደ ጸሎቱ አዘነበለ። ኦፔራ ሰለቸው። ጦርነቱም አለ፣ በ1693 እና በ1694 ደግሞ ረሃብ ገባ። እነ ሻርፓንቲዬና ኤሊዛቤት ኦፔራቸውን ይዘው የመጡት በዚህ ሰዓት ነበር። ምን ዓይነት ዕድል ነው!

የዕድል ነገር ከተነሣ አንሪ ዴማሬን ማለፍ አይቻልም። የ«ዲዶን» ሙዚቃ የሱ ነው። ልጅ ሳለ በንጉሡ ጸሎት ቤት ያደገ፣ ተሰጥኦው ገና በጠዋቱ የታየ ሰው። ከንጉሡ ጸሎት ቤት አለቆች አንዱ ችሎታ አነሰውና ዴማሬን በድብቅ እየከፈለ መዝሙር ያስጽፍ ነበር። ነገሩ በ1693 ወጣና አለቅየው ተባረረ። ይሄ ገና መጀመሪያው ነው። ዴማሬ ሚስቱ ሞተችበት። ቆይቶ ሳንሊስ ከተማ ውስጥ ከአንድ የግብር ሹም ልጅ ጋር ተዋደደ። አባትየው እምቢ አለ። ጥንዶቹ ጠፉ፤ ብራስልስ ገቡ። አባትየው ከሰሰ። በ1700 ዴማሬ በሌለበት ሞት ተፈረደበት፤ በአካሉ ምትክ ምስሉ ተሰቀለ።

ከዚያ በኋላ ስፔን ሄዶ ለንጉሥ ፊሊፕ 5ኛ ሠራ። በ1707 ሎሬን ገብቶ ለመስፍኑ ሙዚቃ ኃላፊ ሆነ። ፓሪስ የቀረው ያላለቀ ኦፔራ «ኢፊዤኒ በቶሪድ» ይባላል። ካምፕራ የተባለ ሌላ ደራሲ (ወደሱ እመጣለሁ) ጨረሰለትና በ1704 ታየ፤ ደራሲው ግን አገሩ መግባት አይችልም ነበር። ምሕረት ያገኘው ሉዊ 14ኛ ከሞተ በኋላ፣ በ1720 ነው። ያኔ 59 ዓመቱ ነበር። ፓሪስ ሌላ ሰው ይዛ ነበር። በ1741 ሉኔቪል ውስጥ ሞተ። ሙዚቃው ላይ ይህ ሁሉ ግርግር አይታይም። ረጋ ያለ፣ ጨዋ፣ ሐዘኑ የጠለቀ ነው። «ቬኑስና አዶኒስ»ን ቢያገኙ መጨረሻውን፣ የቬኑስን ለቅሶ፣ ሳይሰሙ አይለፉ።

ፓስካል ኮላስን ባጭሩ ልለፈው። የሉሊ ጸሐፊ ነበር። ሉሊ ዜማውንና ባሱን (የታችኛውን ድምፅ) ይጽፋል፣ መካከሉን ኮላስ ይሞላል። ጌታው ሲሞት ያላለቀውን «አሺልና ፖሊክሴን» እሱ ጨረሰው። በ1689 ያሳየው «ቴቲስና ፔሌ» በደንብ ሄዶለታል። ውስጡ ያለው የማዕበል ትዕይንት ብዙዎችን አስቀንቷል። ከዚያ በሊል ከተማ ያቋቋመው ቲያትር ተቃጠለ። በስተመጨረሻ ብረትን ወርቅ አደርጋለሁ ብሎ ገንዘቡን በአልኬሚ ጨረሰ ይባላል።

አንድሬ ካምፕራ ከነዚህ ሁሉ ብልጡ ነው። የኤክስ-አን-ፕሮቫንስ ልጅ፣ የኖትር-ዳም ካቴድራል የሙዚቃ አለቃ። የካቴድራል ሰው ደግሞ ኦፔራ ሊጽፍ አይገባውም። ስለዚህ በ1697 «የፍቅር አውሮፓ»ን ሲያወጣ ስሙን አላስቀመጠም። ቀጣዩን በወንድሙ ስም አወጣው። ፓሪስ አልተሸወደችም። ጳጳሱ የሰማ ቀን ካምፕራ ከካቴድራሉ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል የምትል የሽሙጥ ግጥም ከተማውን ዞረች። በ1700 እውነትም ካቴድራሉን ለቀቀ፤ ወደ ኦፔራው ጠቅልሎ ገባ።

«የፍቅር አውሮፓ» መልኩ አዲስ ነበር። አንድ ረጅም ትራጄዲ የለውም። አራት አጫጭር ታሪኮች አሉት፦ ፈረንሳይ፣ ስፔን፣ ጣልያን፣ ቱርክ። እያንዳንዱ አገር በራሱ መንገድ ያፈቅራል። ፈረንሳዩ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይዘላል፣ ስፔኑ በመስኮት ሥር ይቆማል፣ ጣልያኑ ይቀናል። ሕዝቡ ወደደው። ይህ አዲስ ዓይነት ኦፔራ-ባሌ ተባለ፤ ራሞም ኋላ ላይ በዚሁ መንገድ ሄዶበታል። ካምፕራ ቁም ነገሩንም አልተወም። በ1702 «ታንክሬድ»ን ሲጽፍ የክሎሪንድን ሚና የሰጠው ለማድሟዜል ሞፓን ነው። ይህቺ ሴት በጎራዴ የምትጋጠም፣ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትዞር፣ ድምፅዋም ወፈር ያለ ነበር። ጦረኛ ሴት የምትጫወት ጦረኛ ሴት! የ1712ቱ «ኢዶሜኔ» ግጥም ደግሞ ከዓመታት በኋላ ተሻሽሎ የሞዛርት «ኢዶሜኔዎ» መሠረት ሆኗል። የሞዛርቱን ያወቀ የካምፕራውን ጨርሶ አያውቅም፤ የካምፕራው ግን መጨረሻው ይበልጥ ይጨክናል። አባትየው አብዶ ልጁን በእጁ ይገድላል።

አንድሬ ካርዲናል ዴቱሽ ወደ ሙዚቃ የመጣው በሌላ በር ነው። በ15 ዓመቱ ገደማ ከኢየሱሳውያን ጋር በመርከብ እስከ ሲያም፣ የዛሬዋ ታይላንድ፣ ሄዷል። ካህን ይሆናል ሲባል ወታደር ሆነ። ከዚያ ወታደርነቱን ትቶ በ1697 «ኢሴ»ን ደረሰ። የሙዚቃ ትምህርቱ ገና አላለቀም ነበር። ከሉሊ ወዲህ እንዲህ ደስ ያለኝ የለም አለ የተባለው ንጉሡ፣ ያ ኦፔራ የሰለቸው ንጉሥ ነው። የዴቱሽ ሙዚቃ በእንቅልፍና በሕልም ትዕይንቶች ላይ ያምራል። «ካሊሮኤ»ን ቢያገኙ ይስሙ።

ቀጥሎ ማራን ማሬ። ቪዮላ ዳ ጋምባ (በጉልበት መካከል ተይዞ የሚጫወቱት ባለ ክር መሣሪያ) የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። የጫማ ሠሪ ልጅ፣ የንጉሡ ጓዳ ተጫዋች። ኦፔራ መጻፉን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። አራት ጽፏል። ዝነኛው የ1706ቱ «አልሲዮን» ነው። አልሲዮን ሙሽራዋ ባሕር ተሻግሯል። አራተኛው ገቢር ላይ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል። በሕልሟ መርከቡ ሲሰምጥ ታያለች። ኦርኬስትራው የሚያደርገውን እንይ። ማሬ ኮንትራባስ (ድምፁ እጅግ ወፍራም የሆነ ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ) አስገባ፤ መሣሪያው ያኔ ለፓሪስ እንግዳ ነው። ከበሮዎቹን ደግሞ ቆዳቸውን አላላ። ያልተወጠረ ከበሮ ጥርት ብሎ አይመታም፤ ይጎተታል፣ ያጉረመርማል። ይህን ያለማቋረጥ ከሥር አስመታው። ከላይ ቫዮሊኖቹ ወደ ላይና ወደ ታች እየተምዘገዘጉ ይጮኻሉ። መካከሉ ባዶ ነው። ያ ባዶነት ነው የሚያስፈራው። በጊዜው የነበረ ጸሐፊ ይህንኑ የከበሮ ነገር ለይቶ መዝግቦልናል፤ ምን ያህል እንደ ገረማቸው ከዚህ ይገባዎታል። ጥሩ ማዳመጫ ያድርጉ፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ ኮንትራባሱ አይሰማም።

ወደ ራሞ እየተጠጋን ነው። ሚሼል ፒኞሌ ደ ሞንቴክሌር ኮንትራባሱን ፓሪስ ውስጥ ካለመዱት ተጫዋቾች አንዱ ነው። ለብዙ ዓመታት የኦፔራው ኦርኬስትራ ውስጥ ተቀምጦ የሌላውን ሥራ ሲጫወት ኖረ። በ1732፣ በ64 ዓመቱ፣ «ዮፍታሔ»ን አሳየ። ከመጽሐፈ መሳፍንት የተወሰደ ታሪክ በኦፔራው መድረክ! መቅድሙ ላይ አፖሎና ሌሎቹ የግሪክ አማልክት ይወጣሉ፤ እውነት የምትባል ገጸ ባሕርይ መጥታ ታባርራቸዋለች። ደፋር ነገር ነው። ምድርና ሲኦል፣ ሰማይም ጭምር በጌታ ፊት ይንቀጠቀጣል የሚለውን ኳየር ፈልገው ይስሙ። ግጥሙን የጻፈው አባ ፔልግራን ነው። ራሞ «ዮፍታሔ»ን ሰምቶ ነው ኦፔራ ልጻፍ ብሎ የተነሣው ይባላል። እውነትም በዓመቱ ከዚሁ ፔልግራን ጋር «ኢፖሊትና አሪሲ»ን አወጣ። ዕድሜው 50 ነበር። ሽማግሌው ካምፕራ ሰምቶ፣ በዚህ አንድ ኦፔራ ውስጥ ለአሥር ኦፔራ የሚበቃ ሙዚቃ አለ፣ ይህ ሰው ሁላችንንም ይጋርደናል አለ ይባላል። ጋረዳቸውም።

ራሞ ከመጣም በኋላ የተጋረዱ አሉ። ዣን-ዦዜፍ ሙሬ ቀልድና ጨዋታ የሚችል ሰው ነበር፤ ሥራውን ሁሉ አጣና አእምሮው ታወከ፣ በ1738 ሻራንቶን በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ሞተ። ሞንዶንቪል በ1754 በደቡቡ ቋንቋ፣ በኦክሲታን፣ ኦፔራ ጽፎ ፓሪስን አስደሰተ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ዣን-ማሪ ለክሌር ነው። የዘመኑ ታላቅ ፈረንሳዊ ቫዮሊን ተጫዋች፣ በ1746 አንድ ኦፔራ ብቻ ጻፈ፤ «ሲላና ግሎኩስ»። አራተኛው ገቢር ላይ ሲርሴ ጠንቋይዋ ሌሊቱን ትጠራለች። ለቫዮሊኖቹ የጻፈው ነገር እጅ የሚሰብር ነው፤ ተጫዋቹ ራሱ ደራሲ ሲሆን እንዲህ ነው። ሁለተኛ ኦፔራ አልጻፈም። በኦክቶበር 1764፣ ራሞ በሞተ በወሩ፣ ፓሪስ ውስጥ በገዛ ቤቱ በስለት ተወግቶ ሞቶ ተገኘ። አትክልተኛው ተጠረጠረ፣ የእኅቱ ልጅም ተጠረጠረ። የተፈረደበት ሰው የለም።

«ለምን አናውቃቸውም» ለሚለው አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ብዙ አይሰማውም። የፈረንሳይ ኦርኬስትራ ባለ ክር መሣሪያዎቹ በአምስት ድምፅ ይከፈሉ ነበር። ኦፔራ ሲታተም ግን ወረቀትና ገንዘብ ለመቆጠብ ብዙ ጊዜ የላይኛውና የታችኛው ብቻ ይታተማል። መካከሉ በእጅ ተጽፎ ቲያትር ቤቱ ይቀራል። ያ የእጅ ጽሑፍ ከጠፋ ሥጋው ጠፋ፤ አጽሙ ብቻ ቀረ። ዛሬ እንዲህ ያለ ኦፔራ ማሳየት የፈለገ ሰው መካከለኞቹን ድምፆች አዲስ መጻፍ አለበት። አምስት ገቢር ሙሉ! በዚህ ላይ ኳየር፣ ዳንሰኛ፣ ትልቅ ኦርኬስትራ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ መደርደሪያ ላይ የከረሙት።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ ሙሉ ኦፔራ ይዘው አይቀመጡ። መቅድሙን ይዝለሉት፤ አብዛኛው የንጉሥ ውዳሴ ነው። የ«ሜዴ»ን ሦስተኛ ገቢር ዊልያም ክሪስቲ ከሚመራው ሌዛር ፍሎሪሳን ቡድን ይስሙ። ክሪስቲ በ1979 ቡድኑን ሲያቋቁም ስሙን የወሰደው ከሻርፓንቲዬ ትንሽ ኦፔራ ነው። «ዮፍታሔ» እና «ኢዶሜኔ»ም በዚሁ ቡድን ተቀርጸዋል። «ሲላና ግሎኩስ»ን ጆን ኤልየት ጋርዲነር ቀርጾታል፤ «አልሲዮን»ን ማርክ ሚንኮቭስኪ። ሲያዳምጡ ግጥሙን ከነትርጉሙ ፊትዎ ያስቀምጡ። የፈረንሳዮቹ ሙዚቃ ንግግሩን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ምቱ በየመስመሩ ይለዋወጣል። የሄንድል ዓይነት ተመልሶ የሚዘፈን ረጅም ዘፈን ከጠበቁ ይሰለችዎታል። ትራጄዲ አልወድም ካሉ ደግሞ የቧሞርቲዬ «ዶን ኪሾት በዱቼሷ ቤት» አለ። የ1743 ሥራ ነው፣ ሦስት ገቢር ብቻ፣ አጭር ነው፣ ያስቃል። እራት እየሠሩም ይሰማል።